ዋግምቱን ተዪው፣ ክንድሽን እንዲህ ያዢው

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጡት ካንሰር ምክንያት ቀኝ ጡትሽ ወጥቷል፣ ኬሞውን ጨርሰሻል፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሄደሽ ጨረሩንም ወስደሻል። አሁን ያለሽው በሽታው እንዳይመለስ የሚሰጠው ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን ላይ ነው። ሰው ሁሉ «እንኳን ማረሽ» ብሎ ወደ ሥራው ተመልሷል። አንቺ ግን ክንድሽ ከሰዓት በኋላ ያብጣል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቅሻል፣ ቤት ጠርገሽ እንኳ ትዝያለሽ። አማትሽ «ድናለች አይደል፣ ምን ያስተኛታል?» ይላሉ። ጎረቤትሽ ደግሞ ክንዱን ዋግምት ብታደርጊው ይቀልሻል ብላሻለች። በሽታው ተመልሶብኝ ነው ወይስ እንዲህ ሆኜ ነው የምኖረው ብለሽ በዚህ በሴቶች ቡድናችን ጠየቅሽን።

ሐኪም አይደለሁም። ደሴ የምኖር፣ ግራ ጡቴ የወጣ፣ የብብቴ እጢዎች የተለቀሙ፣ ካንቺ ቀደም ብዬ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ሴት ነኝ። የምነግርሽ ከኖርኩት ነው፣ ሐኪሞቼን በየቀጠሮው እየጠየቅሁ ካገኘሁትም ነው።

ዋግምቱን ተዪው። በፍጹም እንዳትሞክሪው። ክንድሽ ውስጥ ያለው የተበላሸ ደም አይደለም። ጡት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከብብት ውስጥ እጢዎች አብረው ይወጣሉ፣ ስናመም ንፍፊት ሆነው የሚያብጡት እነሱ ናቸው። ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነበር። እነሱ ሲወጡ፣ ጨረሩም ቦታውን ሲያደርቀው፣ መንገዱ ይጠብና ፈሳሹ ክንድ ላይ ይቀራል። እጢዎቹ ጀርም የሚከላከሉም ነበሩ፣ ስለዚህ ያ ክንድ አሁን መከላከያው ደካማ ነው። እሱን ክንድ በምላጭ መብጣት ለቁስለት በር መክፈት ነው። አንዴ ካመረቀዘ ደግሞ የቀሩት ትንንሽ መንገዶች ይጎዱና እብጠቱ ከበፊቱ ብሶ ይቀራል። በእሳት መተኮስም፣ ወጌሻ ጋ ሄዶ አጥብቆ መታሸትም ያው ነው። ለዚህ እብጠት የሚሆን መታሸት አለ፣ ግን ቆዳን ብቻ በቀስታ የሚገፋ ነው፣ የሚሠራውም የሰለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው።

ክንድሽ ቀልቶ፣ ስትነኪው ግሎ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ ወይም ትኩሳትሽ 38 ካለፈ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ሌሊትም ቢሆን። እኛ አገር ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ እየተጨመቀ ይታደራል። ይሄ አንቲባዮቲክ የሚፈልግ ነገር ነው፣ ካደረ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ለቤተሰብሽ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን ንገሪያቸው፣ አንቺ በትኩሳት ስትወድቂ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

በሽታው ተመልሶ ነው ወይ ላልሽው፣ እንዲህ ቀን ውሎ ማታ የሚያብጥ፣ ተኝተሽ ስትነሺ የሚቀንስ ክንድ ብዙ ጊዜ የቀዶ ጥገናውና የጨረሩ ጣጣ ነው። ነገር ግን ብብት ውስጥ አዲስ እብጠት ሲኖርም ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ በግምት አትቀመጪ፣ አንዴ ሐኪም በእጁ ዳብሶ ይይልሽ። ከኛ አንዳችንም በጽሑፍ ልናይልሽ አንችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው የየቀኑ ጥንቃቄ ነው። ያንቺ ደግሞ ቀኝ ክንድ በመሆኑ ይከብዳል። አክንባሎውን በግራ እጅሽ ማንሳት ልመጂ፣ እንፋሎቱ የሚያቃጥለው የእጅ አንጓን ነው። ልብስ በበረኪና ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። ሽንኩርት ስትከትፊ ከቆረጠሽ ወዲያው በሳሙና ታጠቢውና ሸፍኚው፣ ትንሽ ናት ብለሽ አትለፊያት። ቆዳሽ እንዳይሰነጠቅ ማታ ማታ ቅባት ተቀቢ፣ በተለይ በበጋ። መርፌም፣ ደም መቅዳትም፣ የደም ግፊት መለካትም በግራ ክንድሽ ይሁን። ነርሷ ቸኩላ ቀኙን ብትይዝ ዝም አትበይ፣ «በዚህ በኩል ጡቴ ወጥቷል» ካልሽ ትረዳሻለች።

የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢ። በወር አንድ ቀን ሁለቱንም ክንድሽን በተመሳሳይ ቦታ ለኪ፣ አንጓው ላይ፣ ከክርን በታችና ከክርን በላይ። ጻፊው። ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከወር ወር እየጨመረ ከሄደ ወረቀቱን ይዘሽ ሐኪም ጋ ግቢ። ቁጥር ይዞ የገባ ሰው በደንብ ይደመጣል፣ ይህን በራሴ አይቻለሁ። ክንድ ላይ የሚጠለቅ ጠበቅ ያለ እጅጌ አለ፣ ፈሳሹ እንዳይጠራቀም ይይዘዋል፣ ቀን ይደረጋል ማታ ይወልቃል። ግን በልክሽ መሆን አለበት። ከሰው ተውሰሽ እንዳታደርጊ፣ ላስቲክ ፋሻም እቤት ራስሽ አጥብቀሽ አትጠምጥሚ።

ብዙ ሰው ክንዱን ጨርሶ አታንቀሳቅሺው ይልሻል። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ሐኪሞቼም አልተስማሙም። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ነው ፈሳሹ የሚገፋው። ግድግዳ አጠገብ ቆመሽ ጣቶችሽን ቀስ እያልሽ ወደ ላይ አውጪ፣ ፀጉርሽን በዚያው እጅ አበጥሪ፣ ክንድሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ እጅሽን ጨበጥ ዘርጋ አድርጊ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ ሴቶች በባለሙያ እየታዩ፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ቢያነሱ እብጠቱ እንደማይብስ አሳይቷል። ቀስ በቀስ ነው ያልኩሽ። 20 ሊትር ጀሪካን በአንዴ ማንሳት ሌላ ነገር ነው።

ሙቀቱም አለ። ኮምቦልቻ እናንተ ጋ ሞቃት ነው። እኔ ለለቅሶም ለሠርግም የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ወደ እናንተ ስመጣ ክንዴ እዚያው ሲከብደኝ ይታወቀኛል፣ ደሴ ስመለስ ቀለል ይለኛል። ስለዚህ እንጀራ በጠዋት ጋግሪ፣ ቀትር ላይ እሳት አጠገብ አትቁሚ፣ ከሰዓት በኋላ እጅሽን በቀዝቃዛ ውሃ አብርጂው።

አሁን ወደ አማትሽ ልምጣ፣ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ። ሕክምናው ሲያልቅ ሕመሙም አብሮ ያለቀ የሚመስላቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ማንም አልነገራቸውም። ኬሞ ላይ ሳለሽ ፀጉርሽ ረግፎ፣ ፊትሽ ጠቁሮ ያዩሻል፣ ያኔ ሁሉም ሾርባ ይዞ ይመጣል። ፀጉር ሲበቅል መምጣቱ ይቀራል። ድካሙ ግን ከፀጉሩ ጋር አልሄደም። ከኬሞና ከጨረር በኋላ ያለው ድካም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፣ እንቅልፍ ተኝተሽም አይለቅሽም። የምትናገሪው ነገር ከአፍሽ ሲጠፋም፣ ወጥ ጥደሽ ስትረሺም እሱው ነው። ስንፍና አይደለም እህቴ፣ ይህን ማንም እንዳያሳምንሽ።

የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ላይ ባለቤትሽን ይዘሽ ግቢ። ሐኪሙ ራሱ ያስረዳው። እቤት ሲመለስ ለእናቱ የሚነግራቸው እሱ ይሁን፣ ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው። ከዚያ ሥራውን በስሙ እየጠራሽ አከፋፍዪ። «ደክሞኛል» ስትይ ሰው «አይዞሽ» ብሎ ያልፋል። «ውሃ የሚሞላው ትልቁ ልጅ ነው፣ ሊጥ የምታቦካው እህቴ ናት፣ እኔ ወጥ እሠራለሁ» ስትይ ግን ሥራው ይከፋፈላል። እኔ የቅሬያችንን፣ የዕድራችንን ማለቴ ነው፣ ሴቶች በግልጽ ጠይቄ አንዷ ለብዙ ጊዜ እንጀራ ጋግራልኛለች፣ አሁንም ሲብስብኝ ትጋግርልኛለች። መጠየቅ ከብዶኝ ነበር፣ እሷ ግን እስክጠይቃት ነበር የምትጠብቀው። ድካሙ ሲቀንስልሽ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ በእግርሽ ሂጂ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው። ያደክም ይመስላል ግን ድካሙን የሚቀንሰው እሱ ነው። ደም ማነስ እንዳለብሽም ተመርመሪ።

የሌሊት ላቡ ከታሞክሲፌን ሊሆን ይችላል። ኬሞ የወር አበባ ሲያቆምም ይመጣል። ስስ የጥጥ ልብስ ልበሺ፣ ቡናና የሚያቃጥል ወጥ ማታ ላይ ቀንሰሽ ለውጡን እዪው፣ አንዳንዶቻችንን ቡና ይቀሰቅስብናል። እኔ በረካን ትቻለሁ፣ ለወሎ ሰው ቀላል አይደለም ግን ተኝቼ አድራለሁ። ኪኒኑን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ። 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዱ እስከ 10 ዓመት ነው የሚታዘዘው። በሽታው ከዓመታት በኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቅሽ እሱ ነው። ፋርማሲ ያልቃል፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ፍሬ አትጠብቂ። ጾምም ቢሆን ችግር የለውም፣ በቀን አንዴ ስለሆነ ረመዳን ከሆነ በኢፍጣር ሰዓት፣ ሁዳዴም ከሆነ ማታ ላይ ይወሰዳል፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል። ከታሞክሲፌን ጋር አንድ እግርሽ ብቻ ባቱ ላይ አብጦ ካመመሽ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ወይም ያለ ወትሮሽ ከማህፀን ደም ካየሽ ዛሬ ነገ አትበይ። ጭንቀት ወይም ድብርት በዝቶብሽ መድኃኒት ሊያዝልሽ የሚፈልግ ሐኪም ካለም ታሞክሲፌን እንደምትወስጂ ንገሪው። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የሚባሉት የታሞክሲፌኑን ሥራ ያዳክማሉ፣ ሌላ ሊሰጥሽ ይችላል።

ይህን እዚህ መጻፍ ይከብዳል፣ ግን ሴቶች ብቻ ስለሆንን ልጻፈው። የወር አበባሽ ቢቀርም ልታረግዢ ትችያለሽ፣ በታሞክሲፌን ላይ ደግሞ እርግዝና ለጽንሱ አደጋ ነው። ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽ የሦስት ወር መርፌም፣ ኪኒንም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ሆርሞን አላቸው፣ ለኛ አይሆኑም። ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ አለ፣ ኮንዶም አለ። ከባልሽ ጋር ስትሆኚ ድርቀትና ሕመም ካለ ደግሞ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ፋርማሲ ይሸጣል። ሆርሞን ያለበት ክሬም ያለ ካንሰር ሐኪምሽ ፈቃድ አትቀቢ። ባልሽ ከራቀሽ ጠልቶሽ ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ ብዙዎቹ የሚያሳምሙሽ መስሏቸው ነው የሚፈሩት።

ስለ ክትትሉ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወር ሐኪም ይይሽ፣ የቀረው ጡትሽ በዓመት አንዴ ማሞግራፊ የሚባለውን የጡት ራጅ ይነሳ። ሁልጊዜ ሲቲ ስካን ልነሳ ብለሽ ገንዘብሽን አትጨርሺ፣ ምልክት ከሌለ አያስፈልግም። ምልክት የምለው ከ2 ሳምንት በላይ የቆየና እየጨመረ የሚሄድ የአጥንት ሕመም፣ የማይለቅ ሳል፣ ጠባሳው ላይ ወይም ብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ነው። ሌላው የወገብ ቁርጥማት የወገብ ቁርጥማት ነው፣ እኔም በየሌሊቱ እፈራ ነበር፣ ይህን መለኪያ ካወቅሁ ወዲህ ቀንሶልኛል። የጤና መድህንሽንም ጊዜው ሳያልፍ አሳድሺ፣ ሪፈር ሲያስፈልግ ያኔ መሯሯጥ አይሆንም።

ቀሚስ አልለበስ አለኝ ላልሽው፣ እኔ በወጣው ጡት ቦታ የሚገባውን በጥጥ ራሴ ሰፍቻለሁ። ጥጡ ብቻውን ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሃሉ ላይ ዳጉሳ በትንሽ ከረጢት አድርጌ ከተትኩበት፣ ሲታጠብ ይወጣል። ጡት ማስያዣው ውስጥ ከጀርባው ኪስ አሰፋሁለት። ክብደቱ ሲመጣጠን ትከሻዬም ማዘንበሉን ተወ።

ቀጠሮሽ ደሴ ሆስፒታል ከሆነ ቀኑን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። መጥቼ አገኝሻለሁ፣ አሰፋፉንም የክንድ አለካኩንም አሳይሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ዛሬ መልሺልኝ፦ ክንድሽ ቀልቷል ወይስ አልቀላም? ስትነኪው ይግላል? ከሆነ ቀጠሮውን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ተነሺና ሂጂ።