ከአደጋ መትረፍ ሌላ፣ መዳን ሌላ

ልጆቼ፣

እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው ጎጃም ውስጥ ነው፤ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከደጀንም ቁልቁል አባይ በረሃ ድረስ። የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ስብከት አትጠብቁ። ግን መንገድ ላይ የዋለ ሰው ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሰዎችን ወሬ በብዛት ይሰማል። ራሴም ከእነሱ አንዱ ነኝ። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ደግሞ እናንተም ብዙ አይታችኋል፤ ለጥቂት መትረፍ የመኪና አደጋ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ለጥቂት የተረፈ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው «እግዚአብሔር አተረፈኝ» ብሎ ነው። እሰየው፣ ይበል። የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አንዱ «እኔን ለይቶ ያተረፈኝ ቢወደኝ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቀኔ ካልደረሰ ምንም አልሆንም» ብሎ ደረቱን ይነፋል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከደጋው ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ አባይን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጃፓን እርዳታ የተሠራው ባለ ገመዱ አዲሱ ድልድይ ሲከፈት ደስ ብሎን ነበር። ድልድይ ግን ቁልቁለት አያሳጥርም። አፈሩ በክረምት ይንሸራተታል። አስፋልቱ በሙቀትና በከባድ ጭነት እንደ ሊጥ እየተገፋ ይቆለላል። እዚያ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ ብቻ ከወረደ ታምቡሩ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው መሽተት ይጀምራል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይሰማም። መፍትሔው ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቀስ እያሉ መውረድ።

አንድ ጊዜ ደጀን ሻይ ቤት ከአንድ የተሳቢ ሾፌር ጋር ተቀመጥን። በረሃውን ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ፣ እየወረደ ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚያተርፍ በኩራት አጫወተኝ። መኪናውን ቆሞ አይቼዋለሁ። መስታወቱ ላይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፣ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል፣ በሩ ላይ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። «ምነው ወንድሜ፣ አትፈራም?» ብለው «ጋሼ፣ ቀኔ ካልደረሰ ምን እሆናለሁ?» አለኝ።

በሩ ላይ ያጻፈው መዝሙር 90ን ነው። ሰይጣን ጌታን ቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክቱ ያነሡሃል» ሲለው የጠቀሰውም ይህንኑ መዝሙር ነበር። ጌታም «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። በፎሌ መውረድ ከጫፍ መወርወር ነው፤ ልዩነቱ ጎማ መኖሩ ብቻ። ቅዱስ ጳውሎስን ደግሞ እዩት። በማዕበል መካከል መልአክ ተገልጦ ማንም እንደማይጠፋ ነግሮታል። ይህን እያወቀ፣ መርከበኞቹ በጀልባ ሹልክ ሊሉ ሲሞክሩ «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም» አለ። መርከቡ ላይ 276 ሰው ነበር፤ ሁሉም ወደ ምድር ወጣ። ተስፋው የእግዚአብሔር ነው፣ መርከብ ማቅናቱ ደግሞ የመርከበኛ ሥራ ነው። ቀበቶ ማሰር እምነት ማጣት የሚመስላችሁ ካላችሁ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አንብቡት።

የመጀመሪያው፣ «ቢወደኝ ነው» የሚለው፣ ግን ከባድ ነው። ይህንን እኔም በልቅሶ ቤት ነው የተማርኩት።

አንድ ክረምት በረሃው ውስጥ ናዳ የዘጋውን መንገድ እናስጠርግ ነበር። ከገደሉ ሥር ቆሜ ሜትር ይዣለሁ። ከወዲያ ሰው ጠራኝ። ሜትሩን ለአንድ ወጣት ሠራተኛ አቀብዬ ጥቂት እርምጃ ሄድኩ። ድንጋዩ ሲወርድ ድምፁን የሰማሁት ከጀርባዬ ነው። ልጁ እኔ በቆምኩበት ቦታ ላይ ነበር።

ለልቅሶ ወደ አገሩ ሄድን። አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑኝ ብለው መሰለኝ፣ ጮክ አድርገው «አንተንስ እግዜር ወዶሃል፣ አወጣህ» አሉኝ። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእኔ ሁለት ሰው አልፋ ተቀምጣለች። ሰማች። ቀና ብላ «የእኔንስ ልጅ ማን ጠላው?» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። መልስ የሰጠ የለም።

ከዚያ ወዲህ «ቢወደኝ ነው ያተረፈኝ» የሚለው አባባል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ባሕር ዳር ያለን ትልልቆች መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. አንረሳም። ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው አውሮፕላን ገና ሲነሣ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፉ፤ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ታዲያ 69ኙ የተወደዱ፣ 35ቱ የተጠሉ ናቸው? እንዲህ የሚል ሰው ወንጌሉን አላነበበም። ጌታ ራሱ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አይምሰሏችሁ ብሏል። ቀጥሎም ወደ ቆሙት ዞሮ «ንስሐ ግቡ» አላቸው። ትኩረቱ በሞቱት ላይ አልነበረም። የተረፉትን ነው የጠየቃቸው።

ሐዋርያቱስ? ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ቁጥር ዝቅ ብላችሁ፣ ጴጥሮስን መልአክ ከእስር ቤት አወጣው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ሰሞን። ያዕቆብ ከጴጥሮስ ያነሰ ተወዳጅ ስለነበር ነው የሚል አባት ሰምቼ አላውቅም። ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉኝ መጽሐፉ ምክንያቱን አይናገርም፤ እኔም አልጨምርበትም።

እኔ የምይዘው የዕለተ ዓርብን ነገር ነው። ሁለት ወንበዴዎች ከጌታ ግራና ቀኝ ተሰቅለዋል። አንደኛው የለመነው ለጥቂት ማምለጥን ነበር፤ «ራስህንም እኛንም አድን» አለ። ፈያታዊ ዘየማን፣ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ግን ከዚህ አውርደኝ አላለም፤ «አስበኝ» አለ። ሁለቱም እዚያው መስቀል ላይ ቀሩ፤ ወታደሮቹ የሁለቱንም ጭን ሰበሩ። ከሞት ያመለጠ አልነበረም፤ የዳነ ግን ነበር። «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የተባለው አንድ እግሩ እንኳ ከችንካሩ ሳይላቀቅ ነው። እኔ ከድንጋዩ ያመለጥኩበት ቀን ትንሽ ዕድሜ ተጨመረልኝ እንጂ ድኅነቴ ያን ቀን አልተፈጸመም። የልጁም ድኅነት ያን ቀን ድንጋይ ስለወረደበት አልጠፋም። እናቱ በወሩ በወሩ ኪዳን የምታስደርስ፣ እሱም በየበዓሉ ማኅሌት የሚቆም ልጅ ነበር።

ስለዚህ ብትተርፉ ምስጋናችሁን ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ አድርሱ፤ ስለት ካለባችሁም አትቆዩ። በጸሎተ አኰቴት፣ በምስጋናው ጸሎት፣ «እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና» ስንል ሁላችንም በአንድ ላይ ነው፤ «እኔን ከእነሱ ለይቶ» የሚል ቃል የለበትም። ሐዘንተኛ ቤት ስትሄዱ ደግሞ የራሳችሁን መትረፍ አታውሩ፤ ቡናውን ጠጡ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

አንድ ነገር ግን ሳልቆጣችሁ አላልፍም። ከሞት አፋፍ ተመልሳችሁ ስታበቁ «ቁርባኑን ሳረጅ» የምትሉት ነገር ከየት የመጣ ነው? አያቶቻችን ሲሸብቱ ቆረቡ ብሎ የሃያ ዓመት ልጅ እስከ ሽበት ቀጠሮ መያዙ አይገባኝም። ሽበት ለሁሉም እንደማይደርስ ከእናንተ በላይ ያየ ትውልድ የለም። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች። የንስሐ አባት የሌላችሁ ከዚያ በፊት አጥቢያችሁ ሄዳችሁ ያዙ፤ ያላችሁም ስልክ ደውላችሁ ቀን ተቀጣጠሩ።