የፓክስ 6 አንቲቦዲ በጫጩት ሽል ላይ አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚፈተሸው

ያቀረቡትን ጥያቄ ሌሎች አባላትም እንዲከታተሉት በአጭሩ ልድገመው። ሱሉልታ በሚገኘው ላቦራቶሪያችሁ የአራት ቀን የጫጩት ሽል በፎርማሊን አቆይታችሁ፣ በፓራፊን ሰም ውስጥ አድርጋችሁ በስሱ ከቆረጣችሁ በኋላ ፓክስ 6 የተባለውን ፕሮቲን በአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ሞለኪውል) ለማየት ሞክራችኋል። ስላይዶቹን መመሪያው እንደሚያዘው በሲትሬት ባፈር (አሲድነቱ በማይለዋወጥ ፈሳሽ) ውስጥ 20 ደቂቃ ብታፈሉም ቡናማ መሆን የነበረበት ኒውክለስ (የሕዋሱ እምብርት) ባዶ ሆኖ ሳይቶፕላዝሙ (በዙሪያው ያለው የሕዋሱ ክፍል) በስሱ፣ የደም ሕዋሳቱ ደግሞ በደማቁ ቡናማ ሆነው ታይተዋል። አሁን አንቲቦዲው ተበላሽቷል ብለው ሌላ ከውጭ ለማዘዝ አስበዋል። እኔ ሰበታ አካባቢ የቲሹ ሥራ በመሥራት ብዙ ጊዜ ያሳለፍኩ ሰው ስሆን፣ ምክሬ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ውኃችሁ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ እንዲለኩ ነው።

ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ በማስተሳሰር ቲሹውን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በዚያው ትስስር አንቲቦዲው የሚይዘውን የፕሮቲን ክፍል ይሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሺ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ሴክሽኑን (በስሱ የተቆረጠውን ቲሹ) በፈሳሽ ውስጥ አብዝቶ ማሞቅ ይህን ሽፋን ይገልጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፉት መመሪያዎች በአብዛኛው ፒኤች 6 የሆነ 10 ሚሊሞላር የሲትሬት ባፈር ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ያዝዛሉ። እነዚህ መመሪያዎች የተጻፉት ግን ውኃ በ100 ዲግሪ ወይም ለዚያ በቀረበ ሙቀት በሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ ይበልጥ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ወደ 91 ይወርዳል። ከአዋሽ መጥቶ እዚህ ሽንብራ የቀቀለ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ስላይዱ 20 ደቂቃ ሙሉ ሲንተከተክ ቢያዩትም መመሪያው የጠየቀውን ሙቀት አላገኘም። በሽታ ለመመርመር ለሚፈለጉ፣ በቀላሉ ለሚታዩ ፕሮቲኖች ይህ ልዩነት ላይጎዳ ይችላል፤ እንደ ፓክስ 6 ያለው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር (የሌሎች ዘረ መሎችን ሥራ የሚቆጣጠር ፕሮቲን) ግን በኒውክለስ ውስጥ ከዲኤንኤና ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ፣ ብዛቱም አነስተኛ ሆኖ ስለሚገኝ እጥረቱን አይታገሥም።

መፍትሔው በየቤቱ የሚገኘው ፕሬዠር ድስት ነው። በባሕር ጠረፍ 121 ዲግሪ የሚያደርስ ድስት እዚህ የውጭው አየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ወደ 116 አካባቢ ብቻ ይደርሳል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ግፊቱ ከሞላ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆዩትና ስላይዶቹን ሳያወጡ በዚያው ባፈር ውስጥ ቀስ ብለው እንዲቀዘቅዙ ይተዉአቸው። ድስት ካልተገኘ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ማራዘም ይረዳል፤ ሆኖም ውጤቱ ከድስቱ ጋር የሚተካከል አይደለም። በሁለቱም መንገድ ሴክሽኖቹ ከስላይዱ እንዳይለቁ በፖሊላይሲን ወይም በሲሌን የተቀባ ስላይድ ያስፈልጋል።

ስለ ፎርማሊኑም አንድ ነገር ልጨምር። ከጀሪካን ቀድቶ በቧንቧ ውኃ ብቻ ማቅጠን በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው፤ ባፈር የሌለው ፎርማሊን ግን ሲቆይ ፎርሚክ አሲድ እየፈጠረ ቲሹውን ይጎዳል። 100 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን በ900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ሲቀላቀል 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት መጨመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የአራት ቀን ሽል ትንሽ ስለሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ዓርብ ከትቶ ሰኞ ማውጣት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቲሹው ልመለስ፤ አንቲቦዲው ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን ከማንኛውም የሻጭ ወረቀት በላይ የሚናገረው ራሱ ቲሹው ነውና። ፓክስ 6 የዓይንን አፈጣጠር የሚመራ ፕሮቲን ነው። በሰው ላይ ከዘረ መሉ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሲጎድል አይሪስ የሌለው ዓይን ይከሰታል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የተመራማሪው የጌሪንግ ቡድን የዝንብን ተመሳሳይ ዘረ መል ባልተለመደ ቦታ እንዲሠራ በማድረግ በእግርና በክንፍ ላይ ዓይን እንዲበቅል አድርጓል። በአራት ቀን የጫጩት ሽል ጭንቅላት ላይ አንድ ሴክሽን ብቻ ወስደው ቢመለከቱ ሌንሱ፣ የሬቲናው የነርቭ ክፍልና ዓይኑን የሚሸፍነው የላይኛው ቆዳ ኒውክለሳቸው ቡናማ መሆን አለበት፤ የፊት አንጎልም እንዲሁ። የመካከለኛው አንጎል የጀርባ ወገን ግን ባዶ መሆን አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበርም በቢላ የተቆረጠ ያህል የጠራ ነው። ልብም ባዶ ነው። ያ ድንበር በማይክሮስኮፑ ስር ጥርት ብሎ ከታየ አንቲቦዲውን ሊያምኑት ይችላሉ፤ ሁሉም ቦታ እኩል ቡናማ ከሆነ ግን የኒውክለስ ቀለም ቢኖርም አይመኑት።

በፓክስ ቤተሰብ ያሉት ፕሮቲኖች ዲኤንኤ የሚይዙበት ክፍል በጣም ተመሳሳይ ስለሆነ አንዳንድ አንቲቦዲ ፓክስ 3ንና ፓክስ 7ንም ይይዛል። ይህን ለማወቅ የኅብለ ሰረሰሩን ሴክሽን ይመልከቱ። ከኅብለ ሰረሰሩ ግራና ቀኝ ካሉት ሶማይት ከሚባሉ የቲሹ ክምችቶች ጡንቻና ቆዳ የሚሆነው ሽፋን ፓክስ 3ና ፓክስ 7 ያለበት፣ ፓክስ 6 ግን የሌለበት ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ ቀለም ካዩ አንቲቦዲው ዘመዶቹን ቀላቅሏል ማለት ነው።

የደም ሕዋሳቱ ቡናማ መሆን ብዙዎችን ያሳስታል፤ የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ሰው ሳይሆን ኒውክለስ ያለው በመሆኑ የተሳካ ውጤት ይመስላል። ምክንያቱ ግን አንቲቦዲው ሳይሆን ሕዋሱ በራሱ ፐርኦክሲዴዝን (ቡናማውን ቀለም የሚፈጥረውን ኢንዛይም) የሚመስል ሥራ መሥራቱ ነው። አንቲቦዲው ከመጨመሩ በፊት 3 በመቶ በሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያቆዩት። ዋናውን (ፓክስ 6ን የሚይዘውን) አንቲቦዲ ያልጨመሩበት አንድ ስላይድም ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይኑርዎት።

አንቲቦዲው በእርግጥ የተበላሸ ሊሆንም ይችላል፤ ከቦሌ እስከ ላቦራቶሪ ባለው መንገድና መብራት በሚጠፋባቸው ሰዓቶች ማቀዝቀዣው የሚያልፍበትን እናውቃለን። እንደደረሰ በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍሎ ማስቀመጥና ደጋግሞ ከማቅለጥ መቆጠብ ግድ ነው። ባክቴሪያ እንዳይገባበት ሶዲየም አዛይድ መጨመር ይቻላል፤ ፐርኦክሲዴዝ ከተያያዘበት ሁለተኛው አንቲቦዲ (ዋናውን አንቲቦዲ ከሚይዘው) ጋር ግን ፈጽሞ አይጨምሩት፤ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ጥርጣሬውን ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው ተመሳሳይ ሽል በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ለአጭር ጊዜ አቆይቶ፣ በ30 በመቶ ሱክሮዝ አስገብቶ፣ አቀዝቅዞ መቁረጥ ነው። በቀዘቀዘው ሴክሽን ሠርቶ በፓራፊኑ ካልሠራ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፤ በሁለቱም ካልሠራ ያን ጊዜ ሌላ ማዘዝ ተገቢ ነው።

ሲያዝዙ አንቲቦዲውን ለማግኘት የፕሮቲኑ የትኛው ክፍል እንስሳው ላይ እንደተወጋ፣ በጫጩት ላይ መሞከሩንና በፓራፊን ሴክሽን መሥራቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ ሻጩን ይጠይቁ። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በክብደታቸው ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳይ ዘዴ) ከ46 እስከ 48 ኪሎዳልተን ያለ መስመር መታየቱ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ ፕሮቲኑ ተዘርግቶ ሲታይ በቲሹ ግን እንደታጠፈና እንደታሰረ ነው። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሃይብሪዶማ (አንቲቦዲ የሚያመነጩ ሕዋሳት) ባንክ ከጫጩት ፕሮቲን የተሠሩ የፓክስ 6ና የፓክስ 7 አንቲቦዲዎችን ያለ ትርፍ ዓላማ ስለሚያከፋፍል ለእኛ አቅም ይስማማል። ሁለቱን አብረው ካዘዙ በተከታታይ ሴክሽኖች ላይ ይሞክሯቸው፤ በመካከለኛው አንጎል የጀርባ ወገን ፓክስ 6 ባዶ በሚተወው ቦታ ፓክስ 7 ይታያል።