«ትራክ 01» የማን ክራር ነው? የድምፅ ፋይል አያያዝ ጥያቄና መልስ ከደሴ

አስተባባሪ፦ ዛሬ ማታ ደሴ ላይ ማሲንቆ፣ ክራርና መንዙማ ሲቀርጹ ብዙ ዓመት የቆዩት ጋሼ አብረውን አሉ። ርዕሳችን የሙዚቃ ሥራ ፋይሎችን ኮምፒውተር ላይ በሥርዓት ስለማስቀመጥ ነው። ስትጠይቁ የምትሠሩበትን ፕሮግራም ጻፉ።

ጋሼ፦ እንደምን አመሻችሁ። ሳንጀምር ሁለት ነገር ልበል። ፍላሽ ማጓጓዣ ነው፣ ማስቀመጫ አይደለም። ሌላው፣ ኮፒ ያደረጋችሁትን ከፍታችሁ ሳትሰሙ ዋናውን አትሰርዙ። ቀጥሉ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ በሪፐር ፕሮግራም የሠራሁትን ዘፈን በፍላሽ ይዤ ጓደኛዬ ስቱዲዮ ሄድኩ። ስከፍተው ትራኮቹ አሉ፣ ድምፁ ግን የለም። ሥራዬ ጠፋ ማለት ነው?

ጋሼ፦ አብሽር፣ አልጠፋም። መጀመሪያውኑ ይዘኸው አልሄድክም። ፕሮጀክት የምትላት ትንሿ ፋይል ድምፅ የለባትም። የያዘችው አድራሻ ብቻ ነው፦ ክራሩ እዚህ ፎልደር ውስጥ አለ፣ ከዚህ ሰከንድ ይጀምር፣ እዚህ ይቆረጥ፣ እያለች ትመዘግባለች። ሌሎቹ የሙዚቃ ፕሮግራሞች፣ ኪዩቤዝም፣ ኤብልተንም፣ ኤፍኤል ስቱዲዮም እንዲሁ ናቸው። ድምፁ ቤትህ ኮምፒውተር ላይ፣ ምናልባትም ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ሪፐር ላይ «ሴቭ ፕሮጀክት አዝ» ስትል ሚዲያውን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ኮፒ አድርግ የሚል ምልክት ማድረጊያ ከታች አለ፤ እሱን ምረጥ። ኤብልተን ላይ «ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ»፣ ኪዩቤዝ ላይ «ባክአፕ ፕሮጀክት»፣ ኤፍኤል ላይ «ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ» ነው። ከዚያ ፎልደሩን በሙሉ ውሰድ። ጓደኛህ ጋር ከመሄድህ በፊት ድምፁ መጀመሪያ የነበረበትን ፎልደር ለጊዜው ስሙን ቀይረህ ኮፒውን ክፈተው። ድምፁ ከተሰማ ተሟልቷል፤ ካልተሰማ አሁንም የድሮውን አድራሻ እየፈለገ ነው።

ከወልድያ፦ ጋሼ ፋይል እንዴት ነው የሚደራጀው?

ጋሼ፦ የምን ፋይል? ቀረጻ? ቢት? ያለቀ ዘፈን? ለይተህ ጠይቀኝ።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ እኔ ለይቼ ልጠይቅ ጋሼ። ወደ 40 ዘፈን አለኝ፤ ቀረጻው፣ ሚክሱ፣ ግጥሙ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ተደባልቆ ነው ያለው። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ እህቴ፣ አርባውን ዛሬ ለማስተካከል አትሞክሪ፤ ግማሽ ላይ ይሰለችሽና ከበፊቱ የባሰ ይደባለቃል። አሁን የምትሠሪውን አንድ ዘፈን ያዢ። ለአንድ ዘፈን አንድ ፎልደር። ውስጡ «ጥሬ»፣ «ፕሮጀክት»፣ «ሚክስ»፣ «ጽሑፍ» የሚሉ አራት ይበቁሻል። ጥሬው ውስጥ ከመቅረጫው የወጣው እንዳለ ይገባል፤ አይቆረጥም፣ አይጸዳም፣ በምንም ምክንያት አይነካም። ስህተትሽን ሁሉ ተመልሰሽ የምታርሚው ከእሱ ነው። ሚክሶችሽን በቁጥር ጥሪያቸው፦ ሚክስ 01፣ ሚክስ 02። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ» የሚል ስም አትስጪ፤ ከዓመት በኋላ የትኛው ለዘፋኙ እንደተላከ አታውቂውም። ከ1 በፊት ዜሮ የምትጨምሪው ደግሞ አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 በፊት እንዳይደረድረው ነው። የቀረው 39 ተራ በተራ ይደርሳል።

ከሐይቅ፦ ቀኑንስ በእኛ ነው በፈረንጅ የምንጽፈው?

ባለማሲንቆ፦ በእኛ ነው እንጂ! ለገና የቀዳሁትን ጃንዋሪ ብዬ ልጽፍ?

ከላሊበላ፦ ኮምፒውተሩ በራሱ የፈረንጅ ቀን ይመዘግባል። ሁለት ዓይነት ቀን ሲሆን ይምታታል።

ባለማሲንቆ፦ ጳጉሜንስ የት ታደርጋታለህ?

ከላሊበላ፦ 13 ብለህ ትጽፋለህ፤ እሷ አታስቸግርም። ዓመቱ ነው የሚያስቸግረው። የእኛ ከፈረንጁ መስከረም ላይ በ7፣ ጥር ላይ በ8 ዓመት ያንሳል።

ጋሼ፦ እኔ ፎልደሩ ላይ በእኛ ነው የምጽፈው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በዚህ ቅደም ተከተል። እንዲህ ሲሆን በጊዜ ተራ ይሰለፋል። አንዱን ምረጡና ጽሑፉ ውስጥ «ቀኑ በኢትዮጵያ ነው» ብላችሁ አስፍሩ። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበውን ቀን ግን አትመኑ። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ኮፒ ሲደረግ የተፈጠረበት ቀን የኮፒው ቀን ይሆናል። መቅረጫውም ባትሪው ለረጅም ጊዜ ወጥቶ ከቆየ ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ከከሚሴ፦ ስሙን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ችግር አለው?

ጋሼ፦ ፊደላችን በ1999 እንደ ፈረንጆች ዩኒኮድ (ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት የሚያውቅበት የጋራ ዝርዝር) ውስጥ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሩ ያነበዋል። አንዳንድ አሮጌ ፕለጊን (የሙዚቃ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ግን ፋይሉን አላገኘሁም ይላል፤ ስለዚህ ፕለጊን የሚጠራቸውን ድምፆች በላቲን ጻፏቸው። የእኛ የራሳችን ችግር ሌላ ነው። ሐይቅን አንዱ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሃ። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። «ሐይቅ» ብለህ ስትፈልግ «ሀይቅ» ብለህ ያስቀመጥከው አይመጣልህም።

ከሐይቅ፦ ትክክለኛው በሐመሩ ሐ ነው።

ባለማሲንቆ፦ ማን አለ? የከተማው ታፔላ ላይ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ከሐይቅ፦ ታፔላ ምን ያውቃል፣ ግዕዙን ጠይቅ እንጂ።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ትክክሉን ለሊቃውንቱ እንተውላቸው። አንድ የስም ዝርዝር ሥሩ። ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ሐድራ፣ አንቺሆዬ እንዴት እንደምትጽፏቸው አንድ ጊዜ ወስኑና ሁልጊዜ ከዝርዝሩ ቅዱ። እኔ ወረቀቱን ከስክሪኑ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

ከባቲ፦ ጋሼ፣ ፋይሉ ስም ላይ ቅኝቱን መጻፍ ያስፈልጋል? ፕሮግራሙ የዘፈኑን ቁልፍ (ኪይ) ራሱ ያወጣልኛል።

ጋሼ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ያስፈልጋል፤ ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ፕሮግራሙ የተሠራው ለፈረንጆቹ ሜጀርና ማይነር ነው። አምባሰልህን ሰምቶ የሆነ ማይነር ብሎ ይጽፍልሃል፣ አንተም አምነህ ታስቀምጠዋለህ። ትዝታ ማይነርን ከዶ ጀምር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳትነካ ከሶል ጀምራቸው፤ አምባሰል ሆነ። ድምፆቹ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው ማረፊያው ነው። ማረፊያውን የሚያውቀው ደግሞ ተጫዋቹ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጻፍ፦ ቅኝቱንና መነሻ ድምፁን።

ሌላም አለ። የሽማግሌ ክራር በፒያኖ አይቃኝም። ባለቤቱ በጆሮው፣ በጉሮሮው ልክ ነው የሚቃኘው። የዛሬ ልጅ ቀረጻውን ሲያገኝ «ተዛንፏል» ብሎ በፕሮግራም ያስተካክለዋል፤ ሰውየው ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ድምፅ በአንድ ጠቅታ ይሄዳል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጨዋታው ሳይጀመር መቅረጫውን እከፍትና ባለክራሩን «ስምህን፣ የመጣህበትን አገር፣ ቅኝቱን ንገረኝ» እላለሁ። ከዚያ አውታሮቹን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይዝ ይምታቸው። ማሲንቆ ከሆነ ያቺን አንዷን አውታር ባዶዋን ይሳባት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ፎልደሩ ቢጠፋ፣ ስሙ ቢቀየር፣ ፋይሉ ብቻውን ባሌ ቢገኝ እንኳ የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። «ትራክ 01» የሚል ፋይል ግን ዱዳ ነው።

ባለማሲንቆ፦ አንቺሆዬንስ እንደ አምባሰል ማረፊያ ብቻ ቀይሮ ከትዝታ ማውጣት ይቻላል?

ጋሼ፦ አይቻልም፣ የድምፆቹ ርቀት የተለየ ነው።

ከከሚሴ፦ ባቲ ቅኝት ግን ሁለት ዓይነት ነው የሚሉት እውነት ነው?

ከባቲ፦ ባቲ አንድ ነው! እኛ አገር ሰኞ ገበያ ላይ የሚሰማው አንድ ነው።

ከከሚሴ፦ ሜጀርና ማይነር አለው ብለው ነው ያስተማሩን።

ጋሼ፦ ሁለቱም ይጫወታል። ስለዚህም የትኛው እንደሆነ ፋይሉ ላይ ይጻፍ። ወደ ጉዳያችን።

ከመርሳ፦ ጓደኛዬ የላከልኝ ክራር እኔ ጋ ስከፍተው ቀርፋፋና ወፍራም ሆነ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

ጋሼ፦ አልተበላሸም። እሱ በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) ቀድቶ አንተ 44.1 ላይ ሳይቀየር እያጫወትከው ነው። ወደ 8 ከመቶ ይዘገያል፣ አንድ ሰሚቶን ተኩል ገደማ ይወርዳል (ሰሚቶን በፒያኖ በሁለት ተጎራባች ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ነው)። ሲያስገባ እንዲቀይረው ፕሮግራምህን አዘው። «ክራሩ እንዲህ ነው የተቃኘው» ብለህ ዘፋኙን በዚያ እንዳታዘፍነው! ቁጥሩንም ጽሑፉ ውስጥ አስፍር፤ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት (የናሙናው ዝርዝር መጠን) እያልክ።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ ሌሊቱን ሙሉ የሐድራ መንዙማ ቀዳሁ። ጠዋት ሳየው ፋይሉ ተቆራርጧል።

ጋሼ፦ መደበኛ ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚይዝ) ፋይል ከ4 ጊጋ ባይት አያልፍም፤ ብዙ የእጅ መቅረጫ ደግሞ 2 ጊጋ ላይ ይቆርጣል። በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋ ስለሚይዝ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ተቆርጦብሃል። ደህና መቅረጫ ከሆነ ቁርጥራጮቹ ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ። ክፍል 01፣ ክፍል 02 ብለህ በተራቸው አስቀምጥ፤ አንድ ላይ ለማድረግ አትቸኩል። መሪው ሲቀየር፣ ድቤው ሲገባ ሰዓቱን ጽሑፉ ላይ መዝግብ። የስምንት ሰዓት ቀረጻ ያለዚያ ማንም ተመልሶ አይሰማውም።

ከኮምቦልቻ 2፦ ጋሼ ሰላም፣ ፕሮጀክት በፍላሽ ወስጄ ትራኮቹ ባዶ ሆኑብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ከላይ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ከኮምቦልቻ 2፦ እኔ ግን ኪዩቤዝ ነው የምጠቀመው።

ጋሼ፦ ኪዩቤዝም አለበት። ወንድሜ፣ አንብበው። ፍላሽ ላይም አታስቀምጠው፤ ሁለት መቶ ጊዜ ብያለሁ። ገበያ ላይ 128 ጊጋ ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ አሉ። ሲሞሉ ዝም ብለው በድሮው ላይ ይጽፋሉ። ፎልደሮችን ደብቆ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም የሚዛመተው በፍላሽ ነው።

ከወረኢሉ፦ የትኛው ሄድፎን ይሻላል?

ጋሼ፦ የዛሬ ርዕስ አይደለም።

ከወረኢሉ፦ ክራክ የሆነ ኪዩቤዝስ?

ጋሼ፦ አልመልስም።

ከመካነ ሰላም፦ ያለቁ ሥራዎችን ኤምፒስሪ አድርጌ ትልቁን ልሰርዝ? ቦታ ሞላብኝ።

ጋሼ፦ በፍጹም። ኤምፒስሪ ጆሮ አይሰማውም ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ የጣለውን ወደ ዌቭ ብትመልሰውም አይመልስልህም። ቦታ ካነሰህ ሁለተኛ ሀርድ ዲስክ ግዛ። ያለቀውን ዘፈን ስታስቀምጥ ደግሞ እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በእኩል ርዝመት ዌቭ አድርገህ አውጣ። ኪዩቤዝ ከ9ኛው እትም ጀምሮ 32 ቢት የሚባለውን የድሮ ዓይነት ፕለጊን አይቀበልም፤ እኔ በእነዚያ ፕለጊኖች የሠራኋቸው የድሮ ፕሮጀክቶች ዛሬ በአግባቡ አይከፈቱም። የተከፈቱልኝ በዌቭ ያወጣኋቸው ናቸው።

ከላሊበላ፦ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፣ ይበቃል?

ጋሼ፦ እንደ ፋይል ከላክኸው አይቀየርም፤ በአንድ ፋይል 2 ጊጋ ድረስ ይቀበላል። እንደ ሦስተኛ ኮፒ ጥሩ ነው፤ ብቸኛ አይሁን። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ሌላ ከተማ። ሌላ ከተማ የምለው ለወሬ አይደለም። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ የያዝኩት ልጆቼንና አንድ ብርድ ልብስ ነው። ስመለስ ኮምፒውተሩ የለም፣ መሳቢያ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሀርድ ዲስኮችም የሉም። ሁለቱን ኮፒ አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጤ እንደ አንድ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው። የተረፈኝ አዲስ አበባ እህቴ ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረው ነው፤ እሱም የስድስት ወር ሥራ ይጎድለዋል። በዚያ ስድስት ወር ከቀዳኋቸው ሰዎች ሁለቱ አርፈዋል። ድምፃቸውን መልሼ አላገኘውም። ስለዚህ ዘመድ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ሀርድ ዲስክ አሲዙት። በዓል ላይ ሲመጣ ደግሞ አዲሱን ጨምሩበት።

ባለማሲንቆ፦ ጋሼ፣ አላህ ያበርታዎት።

ከአምባሰል፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አጎቴ ሙዚቃ ሲቀዳ ኖሮ አርፏል። ሀርድ ዲስኩ ለእኔ ደረሰ። 200 ገደማ ፋይል አለ፤ ሁሉም ትራክ 01፣ ትራክ 02 እያለ ይቀጥላል። ስሙን ልቀይር ጀመርኩ።

ጋሼ፦ ቆይ! አቁም። መጀመሪያ እንዳለ ሙሉውን ኮፒ አድርግ፣ ከፍተህ ስማ፣ ዋናውን ጠቅልለህ አስቀምጥ። የፋይሎቹን ስም አትንካ፤ የአጎትህ ደብተር አንድ ቀን ከተገኘ የሚያገናኛቸው ያ ቁጥር ነው። በምትኩ ኤክሴል ላይ ሰንጠረዥ ክፈት፦ የድሮው ስም፣ ተጫዋች፣ ቦታ፣ ቅኝት፣ ማን ነገረኝ። ያላረጋገጥከው ላይ ጥያቄ ምልክት አድርግ። ከዚያ ለትልልቆቹ አሰማ፤ ከሁሉ በፊት ለሚታመሙት።

ከአምባሰል፦ እናቴ አጠገቤ ናት። ትራክ 07ን ስከፍት «ይሄማ የጎረቤታችን ማሲንቆ ነው፣ ለእኔ ሠርግ የተጫወተው» አለች።

ጋሼ፦ የስልክህን የድምፅ መቅጃ ክፈትና ስልኩን ፊቷ አስቀምጠው። እንደገና ክፈተው፣ የምትለውን ሁሉ ቅዳ። ሠርጉ መቼ እንደነበርም ጠይቃት። ፋይሉን ትራክ 07 ካለበት ፎልደር ውስጥ አስገባው፣ የእሷንም ስም ጻፍበት።