መልስ፦ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ስለ ካንሰር ሕመም ማስታገሻ ምን ይቅደም?

አብሽር ወንድሜ። «ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ለካንሰር ሕመምተኞች ስለሚደረግ የማስታገሻ ክብካቤ ሥልጠና ላዘጋጅ ነው፤ ምን ላስቀድም?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ሞርፊን ከተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ፍርሃት እጀምራለሁ። ቤተሰቡ «ሱስ ያስይዛታል» ብሎ ጠርሙሱን ይደብቃል፤ እናትየዋ «ሰብር» እያለች ታቃስታለች። ባለሙያው ራሱ ከፈራ ማን ያስረዳቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለው «በአፍ፣ በሰዓቱ» ነው። ፈሳሹ ሞርፊን የሚያገለግለው 4 ሰዓት ያህል ስለሆነ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። ሞርፊኑ የሚያመጣው ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተዋል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን አይተውም። ስለዚህ ቢሳኮዲል ወይም ሌላ ማለስለሻ ያልታዘዘበት ማዘዣ ከመጣ ለሐኪሙ ይደወል። ይህችን አንዷን ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ እንኳ አልከሰርክም።

ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻም አትርሳ። ዴክሳሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ማዘዣ ገዝቶ ሲደርብበት ጨጓራው ሊደማ ይችላል። ትራማዶል የተባለው ሌላው ማስታገሻ በቀን ከ400 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ስላይዱን ቀንሰህ በትወና አለማምዳቸው። አንዱ ባለሙያ፣ ሌላዋ ረመዳንን ልጹም የሚሉ እናት ይሁኑ። «አይሆንም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ሕመምተኛ እንደሚፈቀድለት ሼሁ ያስረዱልን ብሎ መላክ፣ የሰዓቱን ነገር ከሐኪሙ ጋር መነጋገር፣ የቀኑን ሁሉ መድኃኒት አፍጥር ላይ በአንዴ እንዳይጠጡት ማስጠንቀቅ ግን ልምምድ ይፈልጋል።