ሩዙ ተመልሶ ሞቆ ለምን አሳመማቸው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የትምህርት ቤት ምገባ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት የምገባ አስተባባሪ ነኝ። መጋቢ እናቶች ሩዙን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በትልቅ ድስት ያበስሉና ክዳኑን ገጥመው ያቆዩታል። ቀን 6 ሰዓት ላይ መልሰው አሙቀው ያቀርባሉ። በቅርቡ ጥቂት ልጆች ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አስታወካቸው። ምግቡ እሳት ላይ ከተመለሰ ጀርሙ አይሞትም እንዴ?

መልስ፦ ጀርሙማ ይሞታል። የሚያስታውከው ግን ጀርሙ ቀድሞ ምግቡ ውስጥ የተወው መርዝ ነው፤ እሱን ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም።

ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከሩዙ ጋር ከእርሻው ይመጣል። ስፖር የሚባለው ጠንካራ ዘሩ ሲፈላም አይሞትም። ድስቱ ወርዶ ለብ ሲል ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመርታል። ከተበላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ማስታወክ የዚህ መርዝ ዓይነተኛ ምልክት ነው። የእናንተም ጉዳይ ይህ መሆኑን መለየት የሚችለው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ልጆች ሲታመሙ ድስቱን ለማጠብ አትቸኩሉ። ከተረፈው ላይ በንጹሕ ዕቃ ቀንሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና ወዲያው ለጤና ጣቢያው አሳውቁ።

ጀርሙ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ትልቅ ድስት ክዳኑ ተገጥሞ ሲቀመጥ ላዩ የቀዘቀዘ ቢመስልም፣ ጭልፋ ወደ ታች ስትሰዱ መሐሉ ለብ እንዳለ ታገኙታላችሁ። ሽሮና ምስር ወጥም ተከድነው ካደሩ ወይም ካረፈዱ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ በዚሁ መንገድ ይራባባቸዋል።

መፍትሔው ሰዓቱን መቀየር ነው። ሽንኩርት መክተፉን፣ ሩዝ መልቀሙን በጠዋት ጨርሱ፤ ሩዙ እሳት ላይ የሚወጣው ግን 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሁን። ልጆቹ በሁለት ፈረቃ የሚበሉ ከሆነ በሁለት ድስት፣ በተለያየ ሰዓት አብስሉ። የበሰለው እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ። ይህን በእጅ መዳሰስ አይነግራችሁም፤ ዘንግ ያለው የምግብ ቴርሞሜትር ግዙና መሐሉን ለኩ። ትክክለኛነቱን በሚፈላ ውሃ ስትፈትኑ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ቢያነብ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው እዚያ ነው። በበረዶ ውሃ ውስጥ 0 ማንበብ አለበት።

የተረፈውን ለነገ አታሳድሩ። የትምህርት ቤት ፍሪጅ ያን ያህል ትኩስ ምግብ በጊዜ አያቀዘቅዝም።

ጥያቄ፦ ቀይ የቦሎቄ ንፍሮ በበሉ ቀን የሆድ ሕመምና ትውከት አጋጠመን። ማገዶ ለመቆጠብ በቀስታ እሳት ነበር የተቀቀለው። ቦሎቄው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሳይበላሽም ሊያሳምም ይችላል። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ የተፈጥሮ መርዝ አለው። በደንብ ያልበሰለ ከሆነ አራት አምስት ፍሬ ብቻ እንኳ ሊያሳምም ይችላል። ሳይፈላ በቀስታ እሳት ለብ እያለ ማብሰል ደግሞ መርዙን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ማታ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉትና በአዲስ ውሃ ጣዱት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቆይ፤ ከዚያ እስኪለሰልስ ይብሰል። ከድስቱ ላይ፣ ከመሐልና ከታች አሥር ያህል ፍሬ አውጥታችሁ በጣት ጨፍልቁ። አንዱ እንኳ መሐሉ ነጭና ጠጣር ከሆነ ድስቱ አልበሰለም። ማገዶ የሚቆጥበው መዘፍዘፉ ነው።

ጥያቄ፦ አንዲት መጋቢ እናት ጣቷ ላይ መግል የያዘ ቁስል አለባት። ጓንት አድርጋ ብትሠራስ?

መልስ፦ አይሆንም። ጓንት ይቀደዳል፤ መግል ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ምግብ ላይ ከተራባም እሳት የማይበግረው መርዝ ይተዋል። እስኪድን ምግብ፣ ሰሃንና ጭልፋ አትንካ፤ ግቢ መጥረግን የመሰለ ሌላ ሥራ ትሥራ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛት ደግሞ ከቆመላት በኋላ 48 ሰዓት ከወጥ ቤት ትራቅ። በነዚያ ቀናት ክፍያዋ እንዳይቆረጥ አድርጉ። የቀን ገቢዋ የሚቀርባት እናት ሕመሟን ደብቃ ድስቱ አጠገብ ትቆማለች።