እርጥብ ድንጋይ ይዋሻል

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዱ የቀረጸውን የወሎ ኦፓል፣ ያንን የከበረ ድንጋይ፣ ሊያሳየኝ መጣ። የእንሰት ቅጠል ነው፤ ጅማቱ ሳይቀር ወጥቷል። ከውሃ ዕቃ አውጥቶ መዳፉ ላይ ሲያስቀምጠው አበራ። «ቁጭ በል፣ ቡና ጠጣ» አልኩት። ቶናው ሳይቀዳ የድንጋዩ ፊት ደረቀና የተደበቀው ጭረት ሁሉ ብቅ አለ። ልጁ አቀረቀረ። አልተቆጣሁትም፤ በእሱ ዕድሜ ስንቱን ድንጋይ እርጥብ እያየሁ «አለቀ» ብያለሁ።

ውሃ ጭረቱን ስለሚሞላው ብርሃን አይበተንም፣ ያልተወለወለውም የተወለወለ ይመስላል። ያለ ውሃ ግን አይሠራም። በእጅ የምንይዘው ሞተር ላይ የሚታሰረው የአልማዝ ጫፍ ደረቅ ድንጋይ ላይ ከዞረ ይግላል፣ ድንጋዩም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በውሃ ሥሩ፣ በደረቁ ፍረዱ። ጥረጉት፣ ጠብቁት፣ መስኮት አጠገብ አዘንብላችሁ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር እዩት።

ጭረት ካያችሁ ወደኋላ ተመለሱ። ወጣቶች በጣም የምትጠሉት ይህን ነው። የማለስለሻ ዱቄት ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይደቅቃል። 600 ቁጥር የተወው ጭረት በ3000 የአልማዝ ቅባት፣ ማለትም በውሃ በተለወሰ የአልማዝ ዱቄት፣ አይጠፋም፤ ራሱ ጭረቱ ተወልውሎ ይበልጥ ይታያል። እኔ ከ600 ወደ 1200፣ ከዚያ ወደ 3000፣ 8000 እና 14000 እሄዳለሁ። ኦፓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ 14000 ይበቃኛል፤ 50000 የምጠቀመው ለምወደው ድንጋይ ብቻ ነው።

ለጠባብ ቦታ፣ ለቅጠል ጅማት ለምሳሌ፣ የሱቅ ጫፍ አይገባላችሁም። እኔ ከወይራ ስንጥር እጠርባለሁ፤ ሞተሩ ላይ አስሬ፣ እየዞረ በብርጭቆ ወረቀት አሹለዋለሁ፣ ከዚያ የአልማዝ ቅባቱን እቀባዋለሁ። እንጨቱ ዱቄቱን ነክሶ ይይዛል፣ የቅርጹንም ጠርዝ አያዶለድምም። ለሰፊው ፊት የሱፍ ፌልት፣ ያ ታምቆ የተሠራው ሱፍ፣ ጥሩ ነው፤ ጅማት ላይ ግን ፌልት ከዋለ ስንት ቀን የደከማችሁበት መስመር ሟሙቶ የተላሰ ከረሜላ ይመስላል። ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ጫፍ፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ የራሱ ከረጢት ይኑረው። 8000 ጫፍ ላይ የገባች አንዲት የ600 ቅንጣት የሙሉ ቀን ሥራ ታበላሻለች።

ፍጥነትም አለ። እነዚያ ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሄዳሉ፤ እናንተ ደግሞ መዘውሩን እስከ መጨረሻው ማዞር ትወዳላችሁ። በፌልት ሲወለወል 5,000 እንኳ ይበዛል፤ ቅባቱ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ሸሚዛችሁ ላይ ይቀራል።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት በሰሜን ሸዋው፣ በመዘዞው ቡናማ ኦፓል ነው። እሱ በመሰንጠቅ ብዙ አስለቅሶናል። በ2000 ዓ.ም. የወሎው፣ ማለትም የደላንታው፣ የወገል ጤናው ኦፓል ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይዞ መጣ፦ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። የሚጠጣው ግን ውሃ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ የቀረጽኩትን ነጭ ኦፓል ወርቅ በምናበራበት አረንጓዴ ሳሙና ወለወልኩት። አረንጓዴው ሥሩ ድረስ ገባ። ሳምንት ሙሉ ውሃ እየለወጥኩ ዘፈዘፍኩት፣ አልወጣም። ባለቤቱ ድንጋዩን ከነቀለሙ ወሰደ፣ እኔም ዋጋውን ከፈልኩ። ስለዚህ ለወሎ ኦፓል ዘይትና ባለቀለም ማብሪያ አታስጠጉ። ሥራው ሲያልቅም ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተዉት።

ብርጭቆ ለምትቀርጹ ነገሩ ይቀላል። ሲሪየም ኦክሳይድ የሚባለውን የማብሪያ ዱቄት በውሃ እንደ ቀጭን አጥሚት በጥብጡና በፌልት፣ በቀስታ። ሲሪየም የሚፍቅ ብቻ አይደለም፤ ከብርጭቆው ጋር በኬሚካልም ይሠራል፣ ለዚህ ነው እንዲያ የሚያበራው። ፌልቱ እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ብርጭቆም ሲግል ይሰነጠቃል።

ሌላው አቧራው ነው። የድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳውም አይድንም። ውሃው አቧራውን ይይዘዋል፤ ቢሆንም ጭምብል አድርጉ፣ ጨርቅ መጠምጠም አይበቃም። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ እጅ ላይ ስለሚገናኙም አቅም ያላችሁ ከላይ ተሰቅሎ ጫፉን በተጣጣፊ ገመድ የሚያዞረውን ሞተር ግዙ።

ያ ልጅ ትናንት ተመልሶ መጣ። የውሃ ዕቃ አልያዘም፤ ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልሎታል። መስኮቱ አጠገብ ወሰድኩት። ከግንዱ አጠገብ፣ ጅማቱ ሥር፣ ፀጉር የምታክል ጭረት ቀርታለች። መነጽሬን ሳላወጣ እሱ ራሱ በጥፍሩ ጠቆመኝና «ወደ 1200 ልመልሰው ነው፣ ጋሼ» አለ።