169.254ን ለማጥፋት አትቸኩሉ

ጎንደር ውስጥ በኔትወርክ ሥራ ለተሰማራችሁና ገና ለምትጀምሩ ልጆቼ ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ደጋግሜ ስለማይ ነው። ኮምፒውተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ስታገኙት ብዙዎቻችሁ ወዲያውኑ በእጃችሁ ቋሚ አድራሻ ትሰጡታላችሁ። ኢንተርኔት ይመለሳል፣ ባለቤቱ ያመሰግናል፣ እናንተም ወደሚቀጥለው ሥራ ትሄዳላችሁ። እኔ ግን ሥራው አልተሠራም ባይ ነኝ።

አድራሻው ራሱ ብልሽት አይደለም። ኮምፒውተሩ አድራሻ አዳዩን የዲኤችሲፒ ሰርቨር ጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ ከ169.254.1.0 እስከ 169.254.254.255 ካሉት አንዱን በዕጣ ያወጣል። ቀድሞ የያዘው ካለ በኤአርፒ፣ ማለትም በመስመሩ ላይ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ በሚጠይቀው ዘዴ፣ ያጣራል፤ ከሌለ ይይዘዋል። አሠራሩ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ፣ በአርኤፍሲ 3927 ነው። ራውተር ይህን አድራሻ ስለማያሳልፍ በዚያው መስመር ላይ ካሉት በቀር ከማንም ጋር አያገናኝም። እንግዲህ ማሽኑ የሚነግራችሁ «ጠየቅሁ፣ መላሽ አጣሁ» ብሎ ነው። ለምን እንዳጣ ሳታውቁ አትውጡ።

አዘዞ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የካርድ ክፍሉ የሊኑክስ ኮምፒውተር እንዲህ ሆኖ ነበር። ቀድሞ የሄደው ባለሙያ ፒንግ ሲያደርግ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልስ ያልሰጠ ቁጥር አይቶ ሰጠው፤ ሠራም። ውሎ አድሮ ግን ያው ቁጥር ለአንድ ስልክ ታደለና ሁለቱ ተጋጩ። ካርድ ማውጣት ተቋርጦ ታካሚው ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ቋሚውን ቁጥር አንስቼ እንደገና እንዲጠይቅ አደረግሁና በመስመሩ የሚያልፈውን በሚያሳየው በቲሲፒደምፕ የዲኤችሲፒ ጥያቄና መልስ የሚያልፍባቸውን ፖርት 67 እና 68ን ተመለከትሁ። ጥያቄው ይወጣል፤ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጥያቄ፤ አሁንም ዝም። ሰርቨሩ በኩል ሆኜ ሳይ ጥያቄው በደንብ ይደርሳል። ኬብሉም ስዊቹም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። መዝገቡን ስከፍት ነጻ አድራሻ አልቀረም ይላል፤ የአስታማሚው ሁሉ ስልክ በዋይፋይ ገብቶ አድራሻውን ጨርሶታል፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም ቁጥሮቹ ለረጅም ጊዜ እንደተያዙ ይቆያሉ። መፍትሔው የይዞታውን ጊዜ ማሳጠርና የእንግዳ ስልኮችን ወደ ሌላ ኔትወርክ ማዞር ነበር። ካርድ ክፍሉ ውስጥ መነካት ያለበት ነገር አልነበረም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚታየው ደግሞ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣና ጠይቆ ያጣል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ብዙዎቹ ሲስተሞች ደግመው ይጠይቃሉ። የባትሪ መጠባበቂያ ካላችሁ ከኮምፒውተሮቹ በፊት ለራውተሩና ለስዊቹ ስጡ። ሊኑክስ ላይ «አይፒ ሊንክ» (ip link) የሚለው ትእዛዝ «ኖ ካሪየር» (NO-CARRIER)፣ ማለትም በኬብሉ ምልክት አይመጣም፣ ካላችሁ ግን ስለ አድራሻ ማሰብ ትታችሁ ኬብሉን ያዙ።

በአዲሱ የአድራሻ ሥርዓት በአይፒቪ6 በኤፍኢ80 (fe80) የሚጀምረው አድራሻ ከዚህ ይለያል። አይፒቪ6 በሚሠራበት ኢንተርፌስ (የኔትወርክ መገናኛ) ሁሉ ላይ ሁልጊዜ ያለ ነው፤ ስታዩት አትደንግጡ። ፒንግ ስታደርጉ እምቢ ካላችሁ ከአድራሻው መጨረሻ % እና የኢንተርፌሱን ስም ጨምሩ፤ ሊኑክስ ላይም ፍሪቢኤስዲ ላይም እንዲሁ ነው። ከተማችን ውስጥ ባለታክሲውን «ሚካኤል አድርሰኝ» ብትሉት ፊት ሚካኤል ነው አጣጣሚ ሚካኤል ብሎ እንደሚጠይቃችሁ ሁሉ፣ ኤፍኢ80 በየኢንተርፌሱ ስላለ ሲስተሙም በየትኛው በኩል እንደሚወጣ ካልተነገረው አያውቅም።

ይህን አድራሻ እኔ እጅግ እወደዋለሁ፤ ዲኤችሲፒ ቢሞትም አይሞትምና። በመስመሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ወደሚጠራው አድራሻ፣ ወደ ኤፍኤፍ02::1 (ff02::1)፣ ከ% እና ከኢንተርፌሱ ስም ጋር ፒንግ ላኩ፤ በዚያ መስመር ያሉ ጎረቤቶች ይመልሳሉ። ሁሉም አይደሉም፣ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ከራሳችሁ ማሽን ሌላ አንድ እንኳ ከመለሰ ግን መስመሩ ደኅና ነው፤ ፊታችሁን ወደ ዲኤችሲፒው አዙሩ። በመለሰላችሁ ኤፍኢ80 አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉ ካላችሁ፣ ከሩቅ ሆኖ ማሽን ማዘዣ በሆነው በኤስኤስኤችም መግባት ትችላላችሁ። የሰርቨር አድራሻ ስትቀይሩ በዚህ በኩል ግቡ፤ የተለመደውን አድራሻ፣ አይፒቪ4ን፣ ብታበላሹት እንኳ፣ ኢንተርፌሱን ራሱን ካላወረዳችሁት በቀር፣ ግንኙነታችሁ አይቋረጥም።